ቪትዝ ያላችሁ፣ መኪናዋ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ ያልነዳ ሰው ሞልቷል። ቪትዝ ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ ግን ከየት ይመጣል? ቤንዚን አትፈጅም። መለዋወጫዋ ከሶማሌ ተራ አይጠፋም። ጠባብ መንደር ውስጥም ገብታ ትወጣለች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉት ቪትዞች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ መኖራቸው ነው። ችግሩ፣ መኪናዋ ስትሸጥ አብሯት የሚመጣው መጽሐፏ ሳይሆን ወሬ ነው። «ኧረ እሷ ምንም አትፈልግም፤ ዘይት ብቻ ቀይርላት» ይባልና ቁልፍ ይሰጣል።

ደግነቱ፣ ማወቅ የሚያስፈልጋችሁ አብዛኛው ነገር መኪናዋ ላይ ተጽፏል። የብረት ሰሌዳ ላይ፣ በር ላይ፣ ጎማ ላይ፣ ዳሽቦርድ ላይ። አንድ ሥራ የሌለበት ከሰዓት ፈልጉ። ሜትር፣ የጎማ ንፋስ መለኪያና ሁለት ሦስት ባዶ ሃይላንድ ያዙና ውጡ።

1. መጀመሪያ የትኛዋ ቪትዝ እንደሆነች ለዩ

ቶዮታ ይህችን መኪና በጃፓን ቪትዝ፣ በአውሮፓ ያሪስ ብሎ ነው የሸጣት። እኛ ጋ ሲመጡ ሁለቱም ቪትዝ ሆኑ። የመጀመሪያዋ ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተሠራችው ናት። ሁለተኛዋ ከ2005 በኋላ የመጣችው ወፈር፣ ረዘም ያለችው ናት። መለዋወጫ ስትገዙ «የቪትዝ ስጠኝ» ብቻ ካላችሁ የሌላዋን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ስለዚህ ሻንሲ ቁጥሯን ፈልጉ። ኮፈኑን ስትከፍቱ ከሞተሩ ጀርባ ባለው ብረት ላይ፣ ወይም ከፊት ወንበር ሥር ምንጣፉን ስታነሱ ታገኙታላችሁ። የብረት ሰሌዳ ወይም ወረቀት ላይ የተለጠፈም ይኖራል። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። የማይገጥም ከሆነ እዚያው ቁሙ። የመኪናዋ ሌላ ነገር ሁሉ ቢያምርም ጉዳዩ ሳይጣራ ገንዘብ አትክፈሉ።

ቁጥሩ «ኤስሲፒ10» ብሎ ከጀመረ የመጀመሪያዋ ትውልድ፣ ባለ 1.0 ሊትር ሞተር ናት። «ኬኤስፒ90» ካለ ሁለተኛዋ ትውልድ ናት፤ ሞተሯም ባለ ሦስት ሲሊንደር 1.0 ሊትር ነው። እነዚህ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ናቸው። 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ረዥም ቁጥር ሆኖ በ«ቪኤንኬ» የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ፈረንሳይ አገር ያለው የቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራች ያሪስ ናት ማለት ነው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? የጃፓን ገበያ መኪና መሪዋ በቀኝ ነው። እኛ አገር የምትነዳው መሪዋ በግራ ሆና ነው። ስለዚህ ቁጥሯ የጃፓን ሆኖ መሪዋ ግራ ላይ ካለ፣ አንድ ቦታ ላይ ተዘዋውሯል። ይህ ብቻውን መኪናዋን አይጥላትም፤ ማን እንዴት እንዳዘዋወረው ግን ማየት አለባችሁ። መሪውን ቆማችሁ ግራ ቀኝ ትንሽ ነቅንቁት። ጎማው ሳይነቃነቅ መሪው የሚጫወት ከሆነ መካኒክ መሪውን ከሥሩ እስኪያይ ድረስ አትንዷት። ኤርባግ የሚወጣበት የዳሽቦርድ ክፍል ተቆርጦ የተለጠፈ መምሰሉን እዩ። ማታ ደግሞ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ መብራት አብሩ። እንደ እኛ በመንገዱ ቀኝ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ብርሃኑ ወደ ቀኝ ከፍ ይላል። ወደ ግራ ከፍ ካለ የጃፓን መብራት ነው፤ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ያ ሾፌር ረዥም መብራት አብርቶ ሲሰድባችሁ እንግዲህ ምክንያት አለው።

2. ልኳን በሜትር እወቁ

የመጀመሪያዋ ትውልድ ርዝመቷ 3.6 ሜትር ገደማ፣ ስፋቷ 1.66፣ ቁመቷ 1.50 ነው። ሁለተኛዋ ወደ 3.75 ሜትር ትረዝማለች፤ ስፋቷ 1.695፣ ቁመቷ 1.52 አካባቢ ነው። ይህች 1.695 ዝም ብላ አልመጣችም። በጃፓን ደንብ ስፋቱ ከ1.70 ሜትር የሚያልፍ መኪና ከትንንሾቹ ምድብ ይወጣል። ቶዮታ አምስት ሚሊሜትር ሲቀረው ቆመ።

ልብ በሉ፣ ይህ ስፋት ስፖኪዮን አይጨምርም። የግቢያችሁ በር ጠባብ ከሆነ ስፖኪዮዎቹን ዘርግታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ከዚያ በሩን በጣም በጠበበበት ቦታ ለኩ። ብዙ ጊዜ የሚጠበው ማጠፊያው ወይም መቀርቀሪያው ያለበት ጋ ነው። በየጎኑ አንድ ስንዝር ካልተረፈ ስፖኪዮውን አጥፎ መግባትን ልማድ አድርጉት።

በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት በመጀመሪያዋ 2.37፣ በሁለተኛዋ 2.46 ሜትር ነው። ስትታጠፉ የኋላ ጎማ የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ከግቢ ወጥታችሁ ወዲያው የምትታጠፉ ከሆነ፣ በፊትና በኋላ በሮች መካከል ያለው ምሰሶ የግቢውን በር እስኪያልፍ መሪውን ሙሉ አታዙሩ። ብዙ ቪትዝ የኋላ በሯ ላይ የተጫረችው በዚህ ነው።

አሁን ሃይላንዶቹ ይምጡ። የቪትዝ ኮፈን ወደ ታች ስለሚያዘቀዝቅ ከሾፌር ወንበር ላይ አፍንጫዋ አይታይም። ስለዚህ ሜዳ ላይ ትንሽ ውኃ ያለበት ሃይላንድ አቁሙ። ቀስ ብላችሁ ቅረቡና «አሁን ግማሽ ሜትር ቀረኝ» ስትሉ ቁሙ። የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ውረዱና ለኩ። አብዛኛው ሰው ገና ሩቅ ሳለ ነው የሚቆመው። ግምታችሁ እስኪስተካከል ደጋግሙት። ለኋላ ቀላል ነው፤ የኋላዋ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ስለሆነ በኋላ መስታወት ከምታዩት ብዙ የሚያልፍ ነገር የለም። በቀኝ በኩልም ሃይላንድ ደርድሩና ጎማውን ከጠርዝ አንድ ስንዝር አስጠግታችሁ ማቆምን ተለማመዱ። ፒያሳ ወይም መገናኛ አካባቢ ሰው ከኋላ ክላክስ እየነፋባችሁ ከምትማሩት ይሻላል።

ከመሬት ያላት ከፍታ ደግሞ ባዶዋን 14 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። አምስት ሰውና ሻንጣ ሲጫን ዝቅ ትላለች። ፍጥነት መቀነሻ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ቀንሱና ጎማው ሲወጣ ፍሬኑን ልቀቁ። ፍሬን ይዛችሁ ከወጣችሁ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ሆዷም ይመታል። ከሥር «ጓ» ብሎ ከመታችሁ በማግስቱ ጠዋት ቆማ ያደረችበትን መሬት እዩ። የዘይት ጠብታ ካለ ጋራዥ ሂዱ።

3. ጎማ ላይ ያለው ጽሑፍ

እዚህ ጋ ረጋ እንበል። መኪናዋን ከመንገድ ጋር የሚያገናኛት አራት መዳፍ የሚያህል ጎማ ብቻ ነው። የጎማው ጎን ላይ ለምሳሌ «175/65 አር14 82ቲ» ይላል። 175 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። 14 ቸርኬው በኢንች። 82 ጎማው የሚሸከመው ክብደት መለያ ሲሆን 475 ኪሎ ማለት ነው። ቲ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው፤ እንሞክረው ማለት ግን አይደለም።

ጎሚስታው «ይኼ ይሻልሻል፣ ከፍ ያደርግሻል» ብሎ ሌላ ቁጥር ቢያመጣ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩት። የተፈቀደው መጠንና ንፋሱ እዚያ ላይ አለ። ጎማው ከፋብሪካው መጠን ሲያልፍ የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል፤ መሪ ሲዞርም ጎማው ከውስጥ ይታከካል።

ከዚያ በክብ መስመር ውስጥ የተጻፉ አራት አኃዞች ፈልጉ። «2319» ካለ ጎማው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ዘመኑ የፈረንጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር አስባችሁ «ኧረ የ2019 ጎማ አዲስ ነው» እንዳትሉ። ጥርሱ ያልተበላ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ አለ፤ ፀሐይና ዕድሜ የበላው ነው። እሱን ይዛችሁ አዋሽ እንዳትወርዱ። ጥርሱን ለማየት ደግሞ ቦዮቹ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች እዩ። የጎማው ገጽ ከጉብታው ጋር እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ ጎማው አልቋል።

ንፋስ የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ጠዋት ሳትንቀሳቀሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ተከተሉ፤ ብዙውን ጊዜ 32 ወይም 33 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቆላ ስትወርዱ አየሩ ስለሚከብድ መለኪያው ትንሽ ቀንሶ ያሳያል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ ሞቆ እያለ ለክታችሁ «በዛ» ብላችሁ አታስተንፍሱ። አድሮ ሲቀዘቅዝ ለኩት። ስኮርት ጎማውንም አትርሱ። ብዙዎች ንፋስ እንደሌለው የሚያውቁት መንገድ ዳር ክሪክ ይዘው ሲቆሙ ነው።

4. ሞተር ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን አንብቡ

ቁልፉን አዙሩና ሞተሩ ሳይነሣ አቁሙት። መብራቶቹ ይበራሉ። የኤርባግና የኤቢኤስ (በድንገት ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራቶች ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ይጠፋሉ። የባትሪና የዘይት መብራቶች ሞተሩ ሲነሣ ይጠፋሉ። የማይጠፋ መብራት ችግር እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ጭራሽ የማይበራው ግን የባሰ ነው። የኤርባግ ምልክት ቁልፍ ስታዞሩ ብልጭ ካላለ፣ ኤርባጉ አንዴ ፈንድቶ መብራቱ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። መኪና ስትገዙ ይህን ሳታዩ እጅ እንዳትጨብጡ።

ሁለተኛዋ ትውልድ ያሪስ በ2005 እ.ኤ.አ. በአውሮፓው የግጭት ፈተና በዩሮ ኤንካፕ 5 ኮከብ አግኝታለች። ሻጮች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ኮከቡ ግን ኤርባጓ ሙሉ ለሆነችው፣ ላልተጋጨችውና መሪዋ ላልተነካው መኪና ነው።

ሌላ የቪትዝ ነገር አለ። የሙቀት ቀስት የላትም። ጠዋት ሰማያዊ መብራት ይበራል፤ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው። እስኪጠፋ ድረስ ነዳጅ አትርገጡባት። ቀይ የሙቀት መብራት ከበራ ግን ጨዋታ የለም። ዳር ያዙ፣ ሞተር አጥፉ። «እስከ ጋራዥ ልድረስባት» ያለ ሰው የቴስታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ክዳን የሚያሽገውን) ከፍሎ ነው የሚመለሰው። ቀይ የዘይት መብራትም እንዲሁ ነው። ቢጫ መብራት ሲሆን ተረጋግቶ ወደ መካኒክ መሄድ ይቻላል።

5. አቀማመጥና ቀበቶ

ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ አስደግፋችሁ እጃችሁን ዘርጉ። የእጃችሁ አንጓ መሪው አናት ላይ ካረፈ ልክ ነው። ደረታችሁ ከመሪው ቢያንስ 25 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ኤርባግ የሚፈነዳው ከዚያ ነው። የራስ መደገፊያው ከጆሮ በታች ከሆነ ከኋላ ሲገጩን አንገት አይጠብቅም፤ ከፍ አድርጉት።

ቀበቶ ለትራፊክ ፖሊስ አይደለም። የታችኛው ክፍል ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ። እርጉዝ ሴትም ከሆድ በታች ታስራለች። ከኋላ የተቀመጠውም ይሰር፤ ያልታሰረ ሰው ግጭት ላይ ከፊት ያለውን ሊገድል ይችላል። ልጅ ጭን ላይ ይዞ ፊት መቀመጥ የተለመደ ነገር ነው። ግን በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግጭት ሲደርስ ማንም እናት ልጇን በእጇ አትይዝም፤ ጉልበቱ ከሰው በላይ ነው። ለሕፃን መቀመጫ ግዙና ኋላ እሰሩት። ፊቱን ወደ ኋላ የሚያደርገውን የሕፃን መቀመጫ ኤርባግ ባለበት ፊት ወንበር ላይ በፍጹም እንዳታስቀምጡ።

6. በየሳምንቱ ኮፈን መክፈት

ይህ አጭር ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የዘይት መለኪያውን አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሱ፣ እንደገና አውጡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሁን። ከላይኛው ምልክት ማለፉም ጉዳት ነው። የፍሬን ዘይት ከቀነሰ ዝም ብላችሁ አትሙሉ፤ ወይ ሸራው አልቋል ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። የራዲያተር ውኃ በፕላስቲኩ ዕቃ ላይ ባለው ምልክት ይታያል።

የራዲያተር ክዳን ርካሽ ነገር ስለሆነ ማንም አያስታውሰውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ውኃ በዚህ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግፊቱን ይለቃል፣ ውኃውም ይፈላል። ሰዉ ግን ራዲያተር ሲያሳጥብ ይውላል። ክዳኑን ሞተሩ ትኩስ ሳለ እንዳትከፍቱ፤ ፊት የሚያቃጥል እንፋሎት ነው የሚወጣው። ለራዲያተር የተዘጋጀ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት) ተጠቀሙ፤ የቧንቧ ውኃ ውስጡን ያዝገዋል።

7. ዳገትና ቁልቁለት

በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተሯ ከጉልበቷ አምስት አንዱን ያህል ታጣለች። ወረቀቷ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ቢላትም እንጦጦ ስትወጡ ያ ሁሉ የለም። ስለዚህ ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ። በአራተኛ ማርሽ እያንገጫገጫችሁ ነዳጅ መርገጥ ሞተሩን ይጎዳል። ሙሉ ሰው ጭናችሁ ዳገት ላይ መቅደም ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ተዉት።

ቁልቁለት ከዳገት ይከፋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትሄዳላችሁ። ያን ሁሉ በፍሬን ብቻ ከያዛችሁት ሸራው ይግላል፣ የተቃጠለ ይሸታል፣ ፔዳሉም ይላላል። ከዚያ በኋላ ብትረግጡም የምትፈልጉትን ያህል አይዝም። ደንቡ ቀላል ነው፤ ማርሽ ቀንሱ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዛት። ማንዋል ከሆነች ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። አውቶማቲክ ከሆነች ከዲ ወደ 2፣ በጣም ሲቆለቁል ወደ ኤል። ሲቪቲ የሚባለው ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት ደግሞ ቢ የሚል ቦታ አላት፤ ለዚሁ ነው የተሠራው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ የሚወርድ ሰው አለ። በማርሽ ስትወርዱ እግራችሁን ከነዳጅ ካነሳችሁ ሞተሩ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል። በዜሮ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይፈጃል። ትርፉ አደጋ ብቻ ነው።

ፍሬኑ ከሸተታችሁ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ አቁሙና ይብረድ። ውኃ አትድፉበት፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

8. የክረምት ውኃ

የጎማዋ ሙሉ ቁመት 58 ሴንቲሜትር ነው። የጎርፉ ውኃ ከጎማው ግማሽ ካለፈ አትግቡ። ከሥሩ የተከፈተ ጉድጓድ ቢኖር አታዩትም። ገብታችሁ ሞተር ከጠፋ መልሳችሁ እንዳታስነሱ። ሞተሩ ውኃ ከሳበ ማስነሳቱ ውስጡን ያጣምመዋል። ወርዳችሁ ግፉ። ከወጣችሁ በኋላ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ርገጡ፤ እርጥብ ሸራ ቶሎ አይዝም።

ኤቢኤስ ካላት በድንገት ስትይዙ ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል። ተበላሸ ብላችሁ እግር አታንሱ። አጥብቃችሁ ረግጣችሁ በመሪው አምልጡ።

9. ዳገት ላይ ማቆም

ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ናት፤ ትንሽ ናት ብሎ የእጅ ፍሬንን ብቻ ማመን አይገባም። አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የፊት ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙሩና ማርሹን ኋላ አስገቡ። ወደ ዳገት ከሆነና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ካለ ጎማውን ወደ መሀል አስፋልት አዙሩ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ብትንሸራተት ጠርዙ ይይዛታል። አውቶማቲክ ከሆነች እግራችሁን ፍሬን ላይ እንዳደረጋችሁ መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከዚያ ፒ አስገቡ። ክብደቷን ካምቢዮው አይሸከመው።

ጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግም ጥሩ ነው። ስትሄዱ ግን ድንጋዩን አንሱና ከመንገዱ ውጪ ጣሉት። ተበላሽታ ቆማ ከሆነም ምልክት ብላችሁ የደረደራችሁትን ድንጋይና ቅጠል ሰብስባችሁ ሂዱ። ማታ በሞተር ሳይክል የሚመጣ ሰው አያየውም። ለዚህም ነው ማጠፍ የሚቻለውን አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ መያዝ የሚሻለው።